ባቡሩ ዳር ሲደርስ ለምን ይደክማል? ስለ ዲጂታል ሞዴል ባቡር ኤሌክትሪክ ጥያቄና መልስ

ሽምብጥ ያለው ቤቴ ውስጥ የዘረጋሁትን ሞዴል ባቡር ለማየት ብዙ ሰው ሲመጣ ሰንብቷል። ባህር ዳር እውነተኛ ባቡር የላትም፤ ልጆቹ ፉርጎ ሲጎተት ሲያዩ ዓይናቸው የሚያበራው ለዚያ ይመስለኛል። ሲሄዱ ጥያቄ ጽፈው ትተውልኛል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ኤሌክትሪክ ነው። እነሆ መልሱ።

ጋሼ፣ የዲጂታሉ ኤሌክትሪክ ከድሮው በምን ይለያል?

በድሮው ፍጥነት የምትቀይረው ሀዲዱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። በዲጂታሉ፣ ማለትም በዲሲሲ፣ ሀዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። ለኤች ኦ መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ለሚያንሰው፣ 15 ቮልት ገደማ ነው። ትእዛዙም በዚያው ኤሌክትሪክ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። እያንዳንዱ ራስ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ) ውስጥ ያለው ዲኮደር፣ ትእዛዙን የሚተረጉመው ትንሽ ሰርኪዩት፣ የራሱን ቁጥር ሲሰማ ብቻ ይታዘዛል። ስለዚህ ሽቦህ መጥፎ ከሆነ የሚጎዳው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ ትእዛዙም ይቆራረጣል።

4 ራስና መብራት ያላቸው 8 ፉርጎዎች አሉኝ። ስንት አምፔር ልግዛ?

ወረቀት ያዝና ደምር። የዛሬ ዘመን ኤች ኦ ራስ ሲጎትት ግማሽ አምፔር ያዝለት፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። 2 ቢሄዱ 1 አምፔር። የቆሙት 2 ድምፅ ካላቸው 0.2 ያህል። ለእያንዳንዱ ፉርጎ 0.05 ብትይዝ 0.4 ይሆናል። ድምሩ 1.6 ነው። ሲሶውን መጠባበቂያ ጨምርበት፣ ከ2 አምፔር ትንሽ ያልፋል። ለሀዲዱ ኤሌክትሪኩንና ትእዛዙን የሚልክ ባለ 3 አምፔር መሣሪያ ይበቃሃል።

የሀዲድ መቀየሪያዎቹን ሞተር እዚህ ውስጥ አትክተት። ለነሱ የራሳቸው ትንሽ አዳፕተር ይኑራቸው። ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ሾርት ሲፈጥር መቀየሪያው እየሠራ መቆየት አለበት።

ታዲያ ለምን ባለ 10 አምፔሩን ገዝቼ አልገላገልም?

ይቺን ጥያቄ ረጋ ብዬ ልመልሳት፣ ዋጋ ከፍዬባታለሁና። መጀመሪያ ስዘረጋ ባለ 5 አምፔር መሣሪያ ነበረኝ። ከመሣሪያው እስከ ሀዲዱ የስልክ ሽቦ ወሰድኩና በአንድ ቦታ ብቻ አገናኘሁ። የቀረውን ሀዲዱ ራሱ ያደርሰዋል ብዬ ነው። አንድ ማታ በሩቁ ጥግ አንድ ፉርጎ መቀየሪያው ላይ ከሀዲድ ወጣ። መሣሪያው ወዲያው መቁረጥ ነበረበት፤ አልቆረጠም። ቀጭኑ ሽቦና የላሉት የሀዲድ መጋጠሚያዎች ፍሰቱን አንቀው ከ5 አምፔር በታች ስላቆዩት ሾርት መሆኑን አላወቀም። እኔ ያወቅሁት ፕላስቲክ ሲሸተኝ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው የፉርጎው እግር እንደ ሰም ቀልጦ አንዱ ጎማ ወደ ጎን ጋደል ብሏል።

5 አምፔር በ15 ቮልት 75 ዋት ነው። ሊድ የማቀልጥበት ካውያዬ 40 ዋት ነው። 10 አምፔር ምን እንደሚያደርግ አስበው። መጀመሪያ ሽቦው፣ ቀጥሎ አምፔሩ።

እሺ፣ ሽቦው ምን ያህል ይወፍር?

ሁለት ዋና ሽቦ በጠረጴዛው ሥር ከዳር እስከ ዳር አስኪድ። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ በቂ ነው፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሁሉ አለ። 8 ሜትር ርቀት ላይ 3 አምፔር ብትስብ፣ ደርሶ መልሱን 16 ሜትር ቆጥረህ፣ የምታጣው 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ባለ 0.5 ሽቦ ብታደርገው ግን ከ1.6 ቮልት በላይ ይጠፋል። ዳር ሲደርስ የሚደክመው ባቡር ሚስጥሩ ይህ ነው።

ከዋናው ሽቦ ወደ ሀዲዱ የሚወጡት ቅርንጫፎች ቀጭን ይሁኑ፣ ግን አጭር። በየሜትሩ አንድ ጥንድ አውጣ። ሁለት ቀለም ተጠቀም፣ ቀይና ጥቁር፣ እስከ መጨረሻው ሳታቀያይር። መጋጠሚያውን አትመነው፣ በሊድ አያይዘው።

በትክክል መሥራቴን በምን ልወቅ?

በአንድ ብር ሳንቲም። መሣሪያውን አብራ፣ ሳንቲሙን ሁለቱ ሀዲዶች ላይ አጋድም። ወዲያው መቁረጥ አለበት። በየግማሽ ሜትሩ፣ በተለይ መቀየሪያዎቹ አጠገብና ጥጉ ላይ ሞክር። የማይቆርጥበት ቦታ ካገኘህ ሳንቲሙን ቶሎ አንሳና እዚያ ቅርንጫፍ ሽቦ ጨምር። እኔ ቀድሜ ይህን ባደርግ ኖሮ ያ ፉርጎ አይቀልጥም ነበር።

ቴስተሬ የሀዲዱን ቮልቴጅ አንዴ 11፣ አንዴ 13 ይለኛል። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። ተራ ቴስተር የተሠራው በሴኮንድ 50 ጊዜ ለሚመላለሰው የግድግዳ ኤሌክትሪክ ነው። የዲሲሲው በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይገለባበጣል። ቁጥሩን አትመኚው፤ ግን አንዱን ቦታ ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅምሻል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣስ?

ከግድግዳው የምንወስደው በጣም ትንሽ ነው። 3 አምፔር በ15 ቮልት 45 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ችግሩ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መወራጨት ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ረግቶ ሲቆይ ሰኩት። አነስተኛ ዩፒኤስ ካላችሁ በጣም ጥሩ። ምጣዱ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ግን በፍጹም አትሰኩ።

አጎቴ ከአሜሪካ መቆጣጠሪያ ላከልኝ። ልሰካው?

መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ መሰኪያውን ብቻ ቀይርለት። 120 ብቻ ካለ በእኛ 220 ይቃጠላል። በቮልቱም በአምፔሩም የሚመጣጠን ሌላ አዳፕተር ፈልግ።

ቤቴ ሐይቁ ዳር ነው። ክረምት ላይ ባቡሩ ይንገጫገጫል።

እርጥበትና አቧራ ሀዲዱ ላይ ጥቁር ንጣፍ ይሠራሉ። ንጹሕ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጊው፣ ጎማዎቹንም። በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጊው፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻውን ይብሱን ይይዛል።

የድሮውን የጅቡቲ ባቡር መሥራት ፈልጋለሁ። ኤሌክትሪኩ ይለያል?

እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው! የዚያ ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ87 ስታካፍለው 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል፣ ስለዚህ ባለ 12 ሚሊሜትር ሀዲድ ትጠቀማለህ። ስሌቱ ያው ነው። ልዩነቱ፣ ትናንሾቹ ራሶች ጎማቸው ጥቂት ስለሆነ መቀየሪያ ላይ ይቆማሉ። ሀዲዶቹ የሚገናኙበት መሃሉ ፕላስቲክ ሳይሆን ብረት የሆነ መቀየሪያ ምረጥና ለመሃሉ ሽቦ አድርስለት። ራሱን ስታገኝ ይዘኸው ና፤ እኔ ጋ 2 ሜትር ባለ 12 አለ፣ እዚያ ላይ እንሞክረዋለን።