የኤፍኤስአር የዘይት ፕሬዠር ጌጅ

ሰላም ወንድሜ፣ አይሱዙ ኤፍኤስአር መኪናዬ ላይ የዘይት ፕሬዠር (ግፊት) መለኪያ ጌጅ ስጨምር ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀዩን የዘይት መብራት ላንሳው ወይ ላልከው በፍጹም እንዳታነሳው! መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚበራው ፕሬዠሩ ወደ 0.5 ባር ሲወርድ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚነግርህ ግን አይንህ መንገድ ላይ ሲሆን እሱ ነው የሚያስቆምህ፣ ሁለቱም ይኑሩ።

የመብራቱን ሴንሰር ከብሎኩ (ከሞተሩ አካል) ፈተህ እዛው ቀዳዳ ላይ ቲ፣ ማለትም ሁለቱን ሴንሰር የሚያገናኝ ባለ ሦስት አፍ የነሐስ መገጣጠሚያ ታስገባለህ፣ ግን ትልቁን የጌጅ ሴንሰር ቲው ላይ እንዳታንጠለጥለው፣ የናፍጣ ሞተር ንዝረት ነሐሱን ይሰብረውና ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሶ ሞተርህ ይቃጠላል። ዘይትና ሙቀት በሚችል አጭር ቱቦ አውጥተህ ሴንሰሩን ሻንሲው ላይ እሰረው፣ ያኔ ደግሞ ማሳ (የኔጌቲቭ ሽቦ) ለብቻው ሳብለት አለዚያ ጌጁ ትክክል አያነብም።

የሚጠመዘዝበትን ጥርስ በጣም ተጠንቀቅ። ጃፓን ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የእንግሊዙ 1/8 ኢንች ነው፣ በኢንች 28 ጥርስ፣ ገበያ ላይ የምታገኘው የአሜሪካው ግን 27 ነው፣ መጀመሪያ በእጅህ ስታዞረው የገባ ይመስላል ከዛ በቁልፍ ስታጠብቀው የብሎኩን ጥርስ ይበላዋል። ጌጅና ሴንሰር ደግሞ ኦማቸው (የኤሌክትሪክ መከላከያ መጠናቸው) ስለሚለያይ አንድ ላይ ግዛ።

በቱቦ ዘይቱን እስከ ዳሽቦርድ የሚያመጣውን አይነት እኔ አልመክርህም፣ ሞተሩ ሲሠራ ካቢኑ ወደፊት ስለሚገለበጥ ቱቦው ይጎተታል፣ ከተቀደደ የፈላ ዘይት እግርህ ላይ ነው። ለኤሌክትሪኩም ሽቦውን ላላ አድርገህ ተውለት።

ጠዋት ባህር ዳር ስታስነሳው ከፍ ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ ዘይቱ ስለቀዘቀዘ ነው። ትክክለኛውን የምታየው ጭነህ አባይ በረሃን ስትወጣ ነው፣ በተመሳሳይ አርፒኤም (የሞተር ዙር) ከለመድከው በግልጽ ከወረደ ዳር ይዘህ ሞተሩን አጥፋና ዘይቱን ለካ።