የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ኮምፒውተር መቁረጫ ማሽንን እንዲመራ ማድረግ

ጥያቄ፦ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል። ከአሮጌ ዕቃ የሰበሰብኳቸውን ብረቶችና ሁለት ስቴፐር ሞተሮች ተጠቅሜ ስስ ጣውላ የሚቆርጥ ማሽን በራሴ ሠርቻለሁ። ማሽኑን የማዘው ዊንዶውስ 98 በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት ኪው ቤዚክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ትእዛዙ ወደ ሞተሮቹ ድራይቨር፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ ለሞተሮቹ ኃይል ወደሚሰጠው ሰሌዳ፣ የሚሄደውም በፕሪንተሩ መሰኪያ በኩል ነው። ማሽኑ ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን ሞተሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ለቅጽበት ይቆማሉ። ፍጥነቱን ስጨምር ጮኸው ቀጥ ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ወደ መነሻው እንዲመለስ ሳዘው ደግሞ ከመነሻው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስቶ ይቆማል። ኮምፒውተሩን ልለውጥ ወይስ ስህተቱ ከፕሮግራሙ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኮምፒውተርዎን አይለውጡ። ለዚህ ሥራ አዳዲሶቹ የሌላቸው ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው የፕሪንተሩ መሰኪያ ማለትም ፓራሌል ፖርቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በዶስ፣ ማለትም ያለ ዊንዶውስ በሚሠራው የቀድሞ ሥርዓት፣ ብቻ ከተነሣ ከእርስዎ ፕሮግራም በቀር ሌላ የሚታዘዘው እንደሌለው ነው። በዩኤስቢ ላይ የሚሰኩት የፕሪንተር ማገናኛዎች ይህን መሰኪያ ሊተኩት አይችሉም፤ የተሠሩት ለፕሪንተር ብቻ ስለሆነ ፕሮግራምዎ የመሰኪያውን እያንዳንዱን እግር (ፒን) በፈለገው ቅጽበት ሊያበራና ሊያጠፋ አይፈቅዱለትም።

የዘረዘሯቸው ችግሮች ሦስት ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ እርሱም የጊዜ አጠባበቅ ነው። ስቴፐር ሞተር አንድ የኤሌክትሪክ ምት በደረሰው ቁጥር አንድ እርምጃ ይዞራል እንጂ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ መልሶ አይናገርም። ስለዚህ ፕሮግራምዎ የሚያውቀው የላከውን ምት ብዛት ብቻ ነው። ሞተሩ አሥር ምት ሳይታዘዝ ቢያልፍ ፕሮግራሙ እነዚያን አሥሩንም እንደተከናወኑ ይቆጥራቸዋል፤ በመነሻው ላይ ያዩት የ2 ወይም የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንዲህ ያሉ የጠፉ እርምጃዎች ድምር ነው።

ቁጥሩን አብረን እንመልከት። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ያስፈልገዋል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ8 ከከፈለው 1,600 ምት ይሆናል፤ ጠመዝማዛው ዘንግ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ለ1 ሚሊ ሜትር 320 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር ለመቁረጥ በሰከንድ 3,200 ምት፣ ያውም በእኩል ልዩነት መላክ ይኖርብዎታል። የኪው ቤዚክ ሰዓት ግን በሰከንድ 18 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚታደሰው፤ በእርሱ ቢጠብቁ ሞተሩ በሰከንድ የሚሄደው ከዙሩ መቶኛ ክፍል ብዙም አይበልጥም። ይህን ለመሸሽ ባዶ ዙር እያስቆጠሩ ጊዜ ማባከን፣ ምናልባትም እርስዎ ያደረጉት እንደዚሁ ነው፣ በዊንዶውስ ውስጥ አይሳካም፤ ዊንዶውስ መዳፊቱን፣ ዲስኩንና ሌሎች ሥራዎችን ለማስተናገድ ፕሮግራምዎን በመሀል ያቆመዋል። ለቅጽበት የሚቆሙት ሞተሮች የሚነግሩዎት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ኮምፒውተሩን በዶስ ሁኔታ ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውስ 98 ይህን ይፈቅዳል። ከዚያም ኃይል ቆጣቢ ቅንብሮችን ከባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ከሚነሣው ፕሮግራም፣ ውስጥ ያጥፏቸው። ሁለተኛው እርምጃ ቋንቋውን መለወጥ ነው። ቱርቦ ፓስካል ወይም ቱርቦ ሲ የኢንተራፕት አገልጋይ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ እንዲመጣ ሲጠራ የሚሠራ አጭር የፕሮግራም ክፍል፣ እንዲጽፉ ስለሚያስችልዎ ከኪው ቤዚክ ይሻላል፤ ለፕሮሰሰሩ ቋንቋ ወደሚቀርበው አሰምብሊ መውረድ ግን አያስፈልግም።

በኮምፒውተርዎ ውስጥ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ የሚመታ የሰዓት ቆጣሪ ቺፕ አለ። ቺፑ የሰጡትን ቁጥር ወደ ታች ቆጥሮ ሲጨርስ ፕሮሰሰሩን በኢንተራፕት ይጠራዋል። በሰከንድ 3,200 ጥሪ ከፈለጉ 1,193,182ን ለ3,200 ያካፍሉ፤ ውጤቱ 373 ገደማ ነው። ለቺፑ የሚነግሩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ወደ ፖርት 67 (ፖርት እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ከቺፕ ጋር የሚነጋገርበት የአድራሻ ቁጥር ነው) ቁጥር 52ን ይልካሉ፣ ቀጥሎ ወደ ፖርት 64 መጀመሪያ 117ን ከዚያም 1ን ይልካሉ፤ 373 ማለት 1 ጊዜ 256 ሲደመር 117 ነውና። የእርስዎ አገልጋይ በተጠራ ቁጥር አንድ ምት ይልካል፣ ሲጨርስ ወደ ፖርት 32 ቁጥር 32ን ልኮ ጥሪውን ይዘጋል። ከፕሮግራሙ ሲወጡ የቀድሞውን የኢንተራፕት አድራሻና የቀድሞውን ፍጥነት መመለስን አይርሱ፤ ካልመለሱ የኮምፒውተሩ ሰዓት ይዛባል፣ ዶስም ሊቆም ይችላል።

ፓራሌል ፖርቱ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አድራሻው 888 ነው። ከ2ኛው እስከ 9ኛው እግር ያሉት ስምንት እግሮች ትእዛዝ ማውጫ ናቸው፤ 2ኛው እግር 1፣ 3ኛው 2፣ 4ኛው 4፣ 5ኛው 8 እያሉ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያውን ሞተር ምት በ2ኛው፣ አቅጣጫውን በ3ኛው እግር ላይ ካገናኙ፣ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ለማስኬድ በቅድሚያ 2ን፣ ቀጥሎ 3ን፣ ከጥቂት ማይክሮ ሰከንድ በኋላ እንደገና 2ን ወደ 888 ይልካሉ። አቅጣጫው ከምቱ ቀድሞ መድረስ አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ሞተሩ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ተሳሳተው ጎን ሊሄድ ይችላል፤ የዚህ ዓይነቱ ስህተት እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ለማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ሁለቱን ሞተሮች አንድ ላይ በሰያፍ መስመር ማስኬድ ብዙዎችን ያስቸግራል። ክፍልፋይ ቁጥር ማስላት ግን አያስፈልግም። ጃክ ብሬዘናም የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ በ1962 ለሥዕል መሳያ ማሽን፣ ማለትም ለፕሎተር፣ የቀመረው ዘዴ መደመርና መቀነስ ብቻ ይበቃዋል፤ ዘዴው በ1965 ታትሟል። እንበልና አንደኛው ሞተር 7 እርምጃ፣ ሁለተኛው 3 እርምጃ ይሂዱ። አንድ መቁጠሪያ በ3 ይጀምራል። አንደኛው ሞተር በተራመደ ቁጥር 3 ይደመራል፤ ድምሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን 7 ይቀነስና ሁለተኛው ሞተር ይራመዳል። በወረቀት ላይ ይሞክሩት፦ 6፣ ከዚያ 9 ሆኖ ወደ 2፣ 5፣ ከዚያ 8 ሆኖ ወደ 1፣ 4፣ ከዚያ 7 ሆኖ ወደ 0፣ በመጨረሻም 3። ሁለተኛው ሞተር በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ6ኛው እርምጃ ላይ ተራምዷል፤ መቁጠሪያውም ወደ ጀመረበት ተመልሷል። ይህ ስሌት ኢንተራፕቱ ውስጥ ለመካተት የሚበቃ አጭር ነው። የትእዛዝ ፋይሉን ማንበብና ርቀት ማስላት ግን ከኢንተራፕቱ ውጭ ይሁን፤ የተሰላው ሁሉ በወረፋ ይቀመጥ፣ አገልጋዩም ከወረፋው እያነሣ ያስፈጽም። በዚህ መንገድ ዲስኩ ቢዘገይም ሞተሩ አይደናቀፍም።

ፍጥነት ሲጨምሩ ሞተሮቹ ጮኸው የሚቆሙት የቆመ ክብደትን በአንድ ጊዜ ለማስሮጥ ስለሚታዘዙ ነው። በደቂቃ 1,800 ሚሊ ሜትር ማለት በሰከንድ 9,600 ምት ነው። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ200 ሚሊ ሜትር በሰከንድ እንዲጨምር ካደረጉ፣ እዚያ ለመድረስ 0.15 ሰከንድ፣ 2.25 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 720 ምት ይፈጃል፤ ለመቆምም ያንኑ ያህል። ለቆጣሪው ቺፕ የሚሰጡት ቁጥር በመጀመሪያው ምት 6,670 ገደማ ሆኖ ይጀምርና ወደ 124 ይወርዳል። እነዚህን 720 ቁጥሮች ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ አስልተው በሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ጉዞው ከ4.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከሆነ ግማሹ ላይ ሲደርስ ፍጥነት መቀነስ መጀመር አለበት። የማፍጠኛው መጠን እንደ ማሽንዎ ክብደት ይለያያል፤ ከዝቅተኛ ጀምረው ከፍ እያደረጉ፣ በየጊዜው መቶ ጊዜ አመላልሰው መነሻውን ይፈትሹ።

አሁን ከሁሉ አብልጠን ወደምንጨነቅበት እንምጣ። ኮምፒውተሩ ሲበራና ሲነሣ የፓራሌል ፖርቱን እግሮች እንዳሻው ያበራቸዋል፣ ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ የሞተሮቹ ኃይል መብራት ያለበት ፕሮግራሙ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ነው። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው በፕሮግራም በኩል አይለፍ፤ የሞተሮቹንና የመቁረጫውን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ ይሁን፣ እጅዎም ጣውላው ላይ ሳይዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በየጠርዙ የሚያስቀምጧቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች በሰላሙ ጊዜ የተገናኙ፣ ሲነኩ የሚለያዩ ይሁኑ፤ እንዲህ ከሆነ የተበጠሰ ሽቦም ማሽኑን ያቆመዋል። በ10ኛው፣ በ12ኛው፣ በ13ኛውና በ15ኛው እግር አስገብተው በፖርት 889 ያነቧቸዋል፤ 11ኛው እግርም ይሠራል፣ ግን ንባቡ የተገለበጠ ነው። የፖርቱ እግሮች የሚሰጡት ኃይል ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ በመካከል አቀባይ ቺፕ ያስገቡ፤ ምልክቱን በብርሃን አሳልፎ ኮምፒውተሩን ከሞተሮቹ ኃይል የሚለይ ኦፕቶ ማለያያ ቢኖርማ ይበልጥ ይሻላል። ድራይቨሩ በርቶ ሳለ የሞተር ሽቦ ፈጽሞ አይንቀሉ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በአንድ ላላ ባለ ማያያዣ ምክንያት ሁለት ድራይቨር አቃጥሏል፤ ያ ማያያዣ በብሎን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዛሬ ይሠሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ራስዎ መጻፍ ካልፈለጉ፣ ሊነክስ ሲኤንሲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዚሁ መሰኪያ ይሠራል፤ ዝቅተኛ አቅም ላለው ኮምፒውተር ግን ከበድ ይላል። ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጅዎ እንዲጽፉት እንመክራለን፤ በኋላ ማሽኑ ሲሳሳት የት እንደሚፈልጉ ያውቃሉና።

ጥያቄ፦ የእኔ መቁረጫ ማሽን ቀጥታ መስመር በደንብ ይቆርጣል። ክብ ስቆርጥ ግን በአራት ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ያለ ምልክት ይተዋል። ስሌቴ ይሆን የተሳሳተው?

መልስ፦ በአራት ቦታ ብቻ መሆኑ ስሌትዎን ነጻ ያወጣዋል። ክብ ሲቆረጥ አንደኛው ሞተር አቅጣጫውን የሚለውጠው በላይና በታች፣ ሌላው ደግሞ በግራና በቀኝ ጫፍ ላይ ነው፤ በጠመዝማዛው ዘንግና በላዩ በሚሄደው ዳዶ መካከል ክፍተት ካለ፣ ሞተሩ ዞሮም ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ የሚቆየው እዚያ ነው። ክፍተቱን ለመለካት መቁረጫውን በአንድ አቅጣጫ አስኬደው ያቁሙትና ከጎኑ መለኪያ ያስደግፉ፤ ከዚያ መለኪያው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ አንድ አንድ ምት ወደ ኋላ እየላኩ ይቁጠሩ። ለ1 ሚሊ ሜትር 320 ምት በሚፈልግ ማሽን 96 ምት ከቆጠሩ ክፍተቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሮግራሙ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር እነዚህን 96 ምቶች ከርቀት ቆጠራ ውጭ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። እኛ ግን ዳዶውን በስፕሪንግ ወደ አንድ ጎን በሚገፋ ጥንድ ዳዶ መተካትን እናስቀድማለን፤ በሚቆርጥበት ጊዜ ጣውላው ራሱ መቁረጫውን ስለሚጎትተው፣ በፕሮግራም የተሞላ ክፍተት መልሶ ሊከፈት ይችላል።

ስሌቱንም መፈተሽ ከፈለጉ ክቡን የሚሠሩባቸውን አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ርዝመት ይመልከቱ። ሬዲየሱ 50 ሚሊ ሜትር ለሆነ ክብ የ2 ሚሊ ሜትር መስመሮች ከእውነተኛው ክብ የሚርቁት በ0.01 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ መስመሩን በእጥፍ ቢያስረዝሙት ስህተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያም ቢሆን የሚታየው በክቡ ዙሪያ ሁሉ እንጂ በአራት ቦታ አይደለም።