ካዝናው ከኋላ የሆነ ጠመንጃ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከክላሽ ሌላ ይዤ አላውቅም። አሁን ታቮር የሚባል የእስራኤል ጠመንጃ ተሰጠኝ፣ ካዝናው ከቃታው ኋላ ነው። ተኩሱና ጽዳቱ እንዴት ነው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ስይዘው እጄ ካዝናውን ከፊት ነበር የሚፈልገው። ጠቅላላ ርዝመቱ 72 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ በርሜሉ 46 ነው፣ ከክላሽ በርሜል ይበልጣል፤ ክብደቱም ወደ ትከሻህ ስለሚያደላ ሲተኮስ ብዙ አይዘልም። ቃታው ግን ይከብዳል፣ ከኋላ ካለው መምቻ ጋር በረጅም ዘንግ ነውና የሚገናኘው። ግራኝ ከሆንክ የቀለህ መውጫው ወደ ግራ ይቀየርልህ፣ አለዚያ ትኩሱ ቀለህ ፊትህ ሥር ነው የሚወጣው።

ለጽዳት መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ማቀባበያውን ስበህ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንህ እይ። የሰደፉን ፒን ስትገፋ ከኋላ ይከፈታል፣ የውስጡም ዕቃ ተስቦ ይወጣል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ታውቀዋለህ፤ ዘይት አታብዛበት በናትህ፣ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆንብሃል።