መመሪያ አውጪውን ማን ይጠይቀዋል? ከጅማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቼ

የመንግሥት ቢሮዎች ስለሚያወጧቸው መመሪያዎችና ምክር ቤቶች በእነሱ ላይ ስላላቸው ቁጥጥር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጠበቃ ስለሆንኩ ጉዳዩን ከቢሮ ቢሮ ስዞር አየዋለሁ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጂፕ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት መስታወት ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ይሄ ሕግ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ፎቶ አንሳው። ከዚያ አንድ መስመር ፈልግበት። መመሪያ ሲወጣ መግቢያው ላይ «በአዋጅ ቁጥር ይህን ያህል፣ አንቀጽ ይህን ያህል በተሰጠው ሥልጣን መሠረት» ይላል። በክልሉ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሉ ምክር ቤት፣ የጨፌ ኦሮሚያ ነው። ቢሮው ያለው ጨፌው በአዋጅ ቆርሶ የሰጠው ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ብቻ ካለ፣ «በየትኛው አዋጅ?» ብለህ በማመልከቻ ጠይቅ። መዝገብ ቤት አስገባና የገቢ ቁጥሩን ያዝ። በቃል ከጠየቅህ «ከበላይ የመጣ ነው» ተብለህ ትመለሳለህ። መልስ እስክታገኝ ግን ክልከላውን አትጣስ፤ ቅጣቱ ባንተ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጥያቄ፦ ከሄርማታ ነው። ጨፌው የቢሮ መመሪያ መሻር ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው ይላል። አዋጅ ከደንብ፣ ደንብ ከመመሪያ ይበልጣል። ስለዚህ ጨፌው አዋጁን አሻሽሎ የሰጠውን ሥልጣን ማጥበብ ይችላል፤ የቢሮ ኃላፊውንም ጠርቶ ይጠይቃል።

ችግሩ ሌላ ነው። የቢሮ ሪፖርት ስትሰሙ የሚነገረው ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተከፋፈለ ነው። ቢሮው በዓመቱ ምን መመሪያ አወጣ፣ ማንን ምን ከለከለ የሚለው ሲነሳ ብዙም አልሰማም። የነጋዴውንም የገበሬውንም ቀን የሚወስነው ግን ያ ነው። ተወካዩ ያላየውን መመሪያ እንዴት ይቆጣጠራል? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ቡና አቅራቢ ነኝ። የእኛ መመሪያ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። እሱንስ የት እንጠይቅ?

መልስ፦ የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የፌዴራል ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ደግሞ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን መከተል አለባቸው። ረቂቁን ለሕዝብ ያሳውቃሉ፤ አስተያየት ይቀበላሉ። ከዚያ መመሪያው ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ እህቴም ሆንሽ ወንድሜ፣ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ። ፍርድ ቤትም መመሪያውን እንዲከልስ ማመልከት ይቻላል።

ይህ አዋጅ ትልቅ እርምጃ ነው። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። መመሪያው ከመጽደቁ በፊት የሚያየው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ እሱም የአስፈጻሚው አካል ነው። ሥልጣኑን የሰጠው ምክር ቤት ዘሎ የሚገባው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን መሣሪያ ሰጥቶታል። በአንቀጽ 55 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም ለአስፈጻሚው በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ይወያያል።

ጥያቄ፦ የክልል ቢሮ መመሪያም በዚህ አዋጅ ይገዛል?

መልስ፦ አይገዛም። 1183 የፌዴራል ነው። ለክልሉ የጨፌውን አዋጆች ተመልከቱ፤ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በመገለተ ኦሮሚያ ላይ ይታተማሉ።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሌላ አገር እንዴት ነው?

መልስ፦ አሜሪካ በየግዛቱ ይለያያል። ኢሊኖይ ውስጥ 12 የምክር ቤት አባላት ያሉት ኮሚቴ አለ፤ ከሁለቱ ፓርቲዎች እኩል ይወከላሉ። መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን ደንብ እየመረመረ ያግዳል። ዊስኮንሲን ግን በተቃራኒው ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2025 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሚቴውን የማገድ ሥልጣን ሻረው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሁለቱ ምክር ቤቶች ሳይወስኑና ለገዥው ሳይቀርብ ጥቂት አባላት ብቻቸውን ሕግ መለወጥ አይችሉም።

ለእኛ የምመኘው መጠነኛውን ነው። ማገዱ ቢቀር እንኳ፣ እያንዳንዱ መመሪያ በወጣ ማግስት ለጨፌው ቋሚ ኮሚቴ ይድረስ።

ጥያቄ፦ እንባ ጠባቂ ጋ መሄድስ?

መልስ፦ ይቻላል። መመሪያ የዜጎችን ሕገ መንግሥታዊ መብት እንዳይጥስ መቆጣጠር የተቋሙ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጋ ያስገባችሁትን አቤቱታ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ የጨፌ ተወካያችን ሕዝብ ሊያወያይ ሲመጣ ምን እንበለው?

መልስ፦ ምሬታችሁን ብቻ አትንገሩት፤ ሰው አዝኖ ይሄዳል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የመመሪያውን ቅጂ በእጁ ስጡት። በየትኛው አዋጅ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደወጣ ጻፉበት። ከአዋጁ ያለፈበትን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። ከዚያ «በሚቀጥለው ጉባኤ ይህን የቢሮ ኃላፊውን ትጠይቅልናለህ?» በሉት፤ መልሱንም ቃለ ጉባኤ ላይ አስይዙ።