ከቀለሙ በፊት ግራጫው

በቀደም አንዲት የሥዕል ተማሪ «ጋሼ፣ የድሮ ሠዓሊ ሥራ ስገለብጥ የራሴን እጅ፣ የራሴን አሣሣል አላጠፋም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አታጠፊም» ብያት ተለያየን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን መምህሬ ትዝ አሉኝና የቆየ ቁጭቴ ተቀሰቀሰ።

በዘይት ቀለም መጀመሪያ የገለበጥኩት የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የአንግርን «የቫልፒንሶን ታጣቢ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 የተሣለ፣ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ያለ ሥራ ነው፤ ራሷ ላይ ጥምጥም ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ቀለም ይመስላል። መምህሬ ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጁና የምገለብጥበት የሥዕሉ ኅትመት ላይ አስቀመጡት። ከትከሻዋ ወደ ወገቧ ቀስ እያሉ ሲያወርዱት በቀዳዳው የሚታየው ቀለም አንዴ ሞቅ፣ አንዴ ቀዝቀዝ ይላል። ያን ቀን ማየት ጀመርኩ ብል ማጋነን አይደለም።

ቀለም ግን አልፈቀዱልኝም። ኅትመቱንም ሸራውንም በካሬ ከፋፍዬ ንድፉን ካሳለፍኩ በኋላ ብርሃንና ጥላውን በግራጫ እንድሠራ የተሰጠኝ አምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማና ነጭ ብቻ ነበር። ማታ ማታ እየመጡ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያዩና «ብብቷ ሥር ያለው ጥላ ይጠቁራል ወይስ የአንገቷ?» ብለው ይሄዳሉ። መልሱን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም በቀለም መቀላቀያ ቢላ ፍቄ እንደገና እጀምራለሁ። እጃቸው ረጃጅም ጣቶች ነበሩት፤ ብሩሽ ሲይዙ ጫፉን እንጂ አንገቱን አይነኩም ነበር። ግራጫው ደርቆ፣ ስሱ ቀለም ሊደረብበት ሲል ታመሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ስቱዲዮው አልተመለሱም። ቀለሙን ብቻዬን ጨረስኩት። ስለ ሥጋ ቀለም ሊነግሩኝ ያቆዩት ነገር እንደነበረ አውቃለሁ፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

የዛሬ ልጆች ይህን ትዕግሥት አጥታችኋል። የሰዓታት ሥራ በደቂቃ ተፋጥኖ የሚታይበት ቪዲዮ ዓይናችሁን አስቸኩሎታል። ስልክም ከኋላው እያበራ ጥላውን ሁሉ ያፈካዋል፤ ከስልክ አትገልብጡ። ቢሆንም እኛ ያኔ በደበዘዘ ኅትመት ስንታገል እንደናንተ አቅርበን የብሩሹን ጉዞ ማየት ብንችል ኖሮ ምንኛ በተጠቀምን! እንግዲያው ለዝርዝሩ ስልኩን ተጠቀሙ፣ ለብርሃንና ለጥላው ግን ጥሩ ኅትመት ፈልጉ። ዋናውን ማየት ከተቻለማ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ቀለም ስለሚያቀጥኑት ዘይትና ተርፐንታይን አልጽፍም፤ የትም ታገኙታላችሁ።

እጅ ስለ መጥፋቱ ግን ይህን ልበል። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1628 እና 1629 ማድሪድ ሳለ ከእሱ በፊት የነበረውን የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የቲሺያንን «አዳምና ሔዋን» ገልብጧል። ያኔ ዕድሜው ከ50 አልፎ ነበር፤ ስሙም በአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ የታወቀ ነበር። የአዳምን አካል አጠነከረው፣ ዛፉ ላይ በቀቀን ጨመረ። ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ ማድሪድ ባለው ፕራዶ ሙዚየም አሉ፤ የሩበንስን ያየ ሰው የማን እንደሆነ አይጠፋውም። አንግርም ቢሆን ያቺኑ ጀርባ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ «የቱርክ መታጠቢያ» በተባለው ሥራው እንደገና አምጥቷታል፤ ከራሱ ገለበጠ ማለት ነው።

ጠያቂዬ፣ ይህን ካነበብሽ ሙሉውን ሥዕል አትጀምሪ። አንድ ትከሻ ብቻ ምረጪ፣ በአምበርና በነጭ ሥሪው፣ ቀለም ሳትነኪ አምጪልኝ።