መልስ፦ ልጅና አዋቂ አብሮ ይማር ወይስ ለየብቻ?

ሰላም ወንድሜ፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት «ከሕፃን እስከ አዛውንት በአንድ ላይ ማስተማር ያስኬዳል ወይ?» ላልከው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም ያስኬዳል። ዘዳግም 6፥7 ራሱ ትምህርቱን የሚያስቀምጠው ቤት ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ ነው፤ ክፍል አይልም።

እኛ በወር አንድ ጊዜ ሞክረነዋል። ሉቃስ 15ን፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ፣ አንብበን ስንጨርስ አንዲት ትንሽ ልጅ «ታላቅ ወንድሙስ በመጨረሻ ገባ?» አለች። ታላቁ ወንድም ተቆጥቶ ደጅ ቀርቶ ነበር፤ ገባ አልገባ ወንጌሉ አይነግረንም። አዋቂዎቹ ዝም! ከዚያ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ እስካሁን ደጅ ነኝ ልጄ» አሏት። ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ አልገለጥኩትም።

ታሪኩን አብራችሁ አንብቡ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ትንንሾቹ ወደ ሥዕላቸው ይሂዱ። ሥላሴን የመሰለውን ከበድ ያለ ትምህርት ግን በየዕድሜው ለዩት። ጎረምሶቹን ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡ ብላችሁ አታስገድዱ፣ በሚቀጥለው አታገኟቸውም።