ጥያቄና መልስ፦ ቀላል ቁስ ለአውሮፕላን ሞተር

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ለትንሽ አውሮፕላን የሚሆን የቫንከል ሞተር (በፒስቶን ፈንታ በሚዞር ሮተር የሚሠራ) እየነደፍን ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሮተር የሚዞርበትን ቤት ከካርቦን ፋይበር ብንሠራውስ?

መልስ፦ ስሌቱ እንደሚያጓጓችሁ አውቃለሁ፤ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ የተያያዘ ካርቦን ፋይበር በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.6 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ አልሙኒየም 2.7 ይመዝናል። ነገር ግን ክሩን የሚያስተሳስረው ኢፖክሲ አብዛኛውን ጊዜ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ይለሰልሳል። ነበልባሉ ደግሞ ከ2000 ያልፋል። በፒስቶን ሞተር ቃጠሎ በነበረበት ሲሊንደር ቀዝቃዛ አየር ተመልሶ ይገባል። በቫንከል ግን ካንዴላው ያለበት ወገን ዘወትር ይግላል፣ አየር የሚገባበት ወገን ዘወትር ይቀዘቅዛል፤ ቤቱ የሚጣመመውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ የሚያሻግር ቁስ ያስፈልጋችኋል፤ አልሙኒየሙን አትልቀቁት። ካርቦኑን ለአየር ማስገቢያው ቱቦ፣ ለሞተሩ መሸፈኛና ለፕሮፔለሩ አውሉት። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ መሃላቸው ፋይበር ግላስ ይግባ፤ እርጥበት ባለበት ካርቦን አልሙኒየምን ያስበላዋል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ቶርኖ ቤት አለኝ። የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ አልሙኒየሙን ፍቆ አይጨርሰውም?

መልስ፦ ባዶውን ከሆነ ይጨርሰዋል፤ ጥያቄዎ የዚህን ሞተር ዋና ሕመም የነካ ነው። መፍትሔውም ራሱ ውሁድ ቁስ (ከተለያዩ ቁሶች የተዋቀረ) ሆነ። የጀርመኑ ማህለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ኒካሲልን አወጣ፤ ደቃቅ የሲሊኮን ካርባይድ ቅንጣት የተበተነበት የኒኬል ልባጥ ነው። ኤንኤስዩ አርኦ 80 በተባለችው የቫንከል መኪና ላይ ውሏል። ለእርስዎ ሙያ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ልባጡን በተራ ስለት አይንኩት፤ የሚስተካከለው በአልማዝ መሞረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነኝ። የአየር መንገዳችን ድሪምላይነር ሞተሩ ከካርቦን ነው ይባላል።

መልስ፦ ጂኢኤንኤክስ የተባለው የጀነራል ኤሌክትሪክ ሞተር በተገጠመላቸው ላይ ከካርቦን የተሠሩት የፊት ማራገቢያው ምላጮችና ዙሪያ ሽፋኑ ናቸው። የምላጮቹ የፊት ጠርዝ ግን ቲታኒየም ነው። እሳቱ ያለበት የውስጡ ክፍል በዋናነት የኒኬል ቅይጥ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ባለችው ክፍላችን ካርቦን ፋይበር በመጋዝ ስንቆርጥ ጉሮሯችንን ይከረክረናል።

መልስ፦ እባካችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ቁሱን እያረጠባችሁ ቁረጡ። ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ኮምፒውተራችሁንና ማከፋፈያ ሶኬቶቻችሁን ከዚያ ክፍል አውጡ።